የጉልበቴ ቀጠሮ እና የወዳጆቼ እሳት

መጀመሪያ የጮኸው የግራ ጉልበቴ ነው። ከጅግጅጋ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ቢርካ እየለሰንን ነበር። ቢርካ ለማያውቅ፣ የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት በሲሚንቶ የተለሰነ ትልቅ ጉድጓድ ነው፤ በበጋ ሰውም ግመልም የሚጠጣው ከሱ ነው። ለምሳ በመሰላል ስወጣ ጉልበቴ ውስጥ አሸዋ የገባበት ማጠፊያ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ከሥሬ ይወጣ የነበረው የሥራ ባልደረባዬ አብዲ ሰማው።

"ኃይሉ፣ በርህን ዘይት ቀባው እንጂ!" አለኝ። ሳቅን። አላመመኝም ነበርና ሳቅሁ።

ሙያዬ ልስን ነው። የቢርካ ወለል የሚለሰነው ተንበርክኮ ነው። ጥዋት ትንበረከካለህ፣ ማታ ትነሳለህ። ከላይ እርጥብ ሲሚንቶ፣ ከሥር ድንጋይ፣ መሃል ላይ ያንተ ጉልበት። ደርግ ከወደቀ በኋላ ከስደት የሚመለሰው ሕዝብ ሲበዛ ቢርካ የማይቆፈርበት መንደር አልነበረም፤ ከደምበል እስከ አይሻ ለስኛለሁ። ከጉልበትህ ሥር የታጠፈ ጆንያ አድርግ ያለኝ አለቃ ግን አንድም አልነበረም። ለወለሉ ይጨነቃሉ። ወለሉ እንዳይሰነጠቅ።

ሕመሙ የመጣው ከድምፁ ብዙ ቆይቶ ነው። ጥዋት ከአልጋ ስወርድ ጉልበቴ ይገተራል፤ ጥቂት ስራመድ ይፈታል፤ ማታ ያብጣል። ይህ ምልክት ያለባችሁ ካላችሁ ሐኪም ቤት መሄጃችሁ አሁን ነው። እኔ ገበያ ሄድኩ። ከድንበር ከተማዋ ከወጃሌ የሚገባ ኪኒን ከሻምፑና ከብስኩት ጎን ተደርድሮ ይሸጣል። ባለሱቁ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ምንድነው ስለው "የጉልበት ነው" አለኝ፤ በቃ። ማሸጊያውን ቢያሳየኝም አላነበውም ነበር። ያን ጊዜ ፊደል አልቆጠርኩም።

ኪኒኑ ይሠራል። ክፋቱም እሱ ነው። ስውጠው ሕመሙ ይሄዳል፣ ሕመሙ ሲሄድ እንበረከካለሁ፣ ስንበረከክ ጉልበቴ ያልቃል። በዚህ ዓይነት ዓመታት ሄዱ። አንድ ቀን ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቆረ። ላበኝ። ሥራ ቦታ ወደቅሁ።

ሆስፒታል ደም ሰጡኝ። ወጣቱ ሐኪም ኪሴ ውስጥ የተገኘውን ኪኒን አገላብጦ አየው።

"ዲክሎፌናክ ነው። ጨጓራዎን አቁስሎ አድምቶታል። ማን አዘዘልዎት?"

"ባለሱቁ።"

"ባለሱቁ የት ነው የተማረው?"

"እኔ የተማርኩበት" አልኩት። አልሳቀም።

ከዚያ በኋላ ነው የጎልማሶች ትምህርት የገባሁት። ሰው ለእውቀት ፍቅር ይማራል ይላሉ። እኔ የምውጠውን ለማንበብ ተማርኩ። ባለቤቴ ዘነበች ከኔ በፊት ታነብ ነበር፤ "ሀ"ን ሳጣምም "ሲሚንቶ ነው እንዴ የምትለስነው?" እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ኤክስሬይ ተነሳሁ። የበሽታው ስም ኦስቲዮአርትራይተስ ነው። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞ አሳየኝ። "በሁለቱ አጥንቶች መካከል ካርቲሌጅ የሚባል ትራስ አለ። የርስዎ ተበልቷል። ተመልሶ አይበቅልም። የቀረውን ማቆየት ነው ያለን" አለኝ። እንዲህ እቅጩን ለሚናገር ሐኪም ክብር አለኝ። ይድናል የሚሉት ናቸው የጎዱኝ።

የታዘዘልኝን በቅደም ተከተሉ ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው መጨረሻውን መጀመሪያ ይፈልጋልና። አንደኛ መንበርከክና ቁጢጥ ማለት ቀረ፤ ወፍራም ለሆነ ደግሞ ክብደት መቀነስ አለ። ፓራሲታሞል በልክ፣ ጉልበት ላይ የሚቀባ ቅባት፣ ከዚያ ፊዚዮቴራፒ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ልጅ እግር ሴት ነበረች። እግሬን ዘርግቼ የጭኔን ጡንቻ አጥብቄ እንድይዝና እንድለቅ፣ ከዚያ እግሬን ቀጥ አድርጌ ከአልጋው ከፍ እንዳደርግ አሳየችኝ። "ይሄን ለማየት ነው የመጣሁት?" አልኳት። "ጋሽ ኃይሉ፣ ጭንዎ ካልሸከመው ጉልበትዎ ነው የሚሸከመው" አለችኝ። ዱላዬንም ከግራ እጄ ወስዳ ቀኝ እጄ ላይ አደረገችው። ዱላ የሚያዘው ከታመመው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ነው። አገሩ ሁሉ በተሳሳተው እጅ ይዞ ያነክሳል።

ይህ ሁሉ ረድቶኛል። ቀድሜ ብጀምረው ኖሮ ብዙ ዓመት ይገዛልኝ ነበር።

ቀጥሎ መርፌ መጣ። ድሬዳዋ ያለ ሐኪም ጉልበቴ መገጣጠሚያ ውስጥ ስቴሮይድ ወጋኝ። የመጀመሪያው እስከ ክረምቱ መጨረሻ ሠራ። ሁለተኛው ቶሎ ለቀቀኝ። ሦስተኛ ስጠይቅ "ደጋግሜ ብወጋዎት የቀረውንም እጨርሰዋለሁ" ብሎ እምቢ አለኝ። ሰደብኩት። ትክክል እሱ ነበር።

ከዚያ የባሰው መጣ።

ጉልበቴ እንደታጠፈ ቀረ። አይዘረጋም፣ ከዚያ በላይም አይታጠፍም። የኛ ሽንት ቤት የጉድጓድ ነው። ቁጢጥ ማለት አልቻልኩም። ወንበር መሃሉን ቆርጠን ጉድጓዱ ላይ አቆምን። መቀመጥ ቻልኩ። መነሳት አቃተኝ። ዘነበች ትገባና በብብቶቼ ሥር እጇን አስገብታ ታነሳኛለች። በየቀኑ። ሱሪዬንም እሷ ትስባለች። ቀጭን ሴት ናት። እኔ ከባድ ነኝ። ይህን ሲጽፉ አላየሁም፤ ስለዚህ እጽፈዋለሁ። የጉልበት በሽታ ማለት መንገድ ላይ ማንከስ ብቻ አይደለም። ሚስትህ ሽንት ቤት ውስጥ ስታቃስት መስማት ነው።

አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው። ብቻዬን መነሳት።

አዲስ አበባ የዘነበች የአክስት ልጅ አለ፤ እሱ ጋ አርፈን የአጥንት ስፔሻሊስት አየኝ። የቀረኝ የመገጣጠሚያ ቅየራ ነው አለ፤ ያለቀው የአጥንት ጫፍ ተቆርጦ ብረትና ፕላስቲክ ይገባል። በዓመት አንዴ ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞች ብረቱን ይዘው እንደሚመጡ ነገረኝና ከነሱ ጋር ቀጠሮ ያዘልኝ። ሲያሰናብተን የተናገረውን ዘነበች ሁለቴ አስደገመችው፤ "ቆዳው ላይ ቁስል እንዳይኖር። ጭረት እንኳን። ጥርስዎ ቢያምዎት ይታከሙ። ሰውነትዎ ውስጥ ኢንፌክሽን ካለ አልከፍትዎትም።"

ጅግጅጋ ተመልሰን ቀኑን መጠበቅ ጀመርን። ወሬው ተሰማ። ኃይሉን እግሩን ሊቆርጡት ነው ተባለ። ቅየራ ነው ብል ማን ይሰማኛል።

ቀጠሮው ሲቃረብ አብዲና የድሮ የሥራ ባልደረቦቼ መኪና ተከራይተው መጡ። ከደምበል አንድ ሽማግሌ ይዘው ነበር። አዴር ይሉታል፣ በሶማልኛ አጎት ማለት ነው። በጋለ ብረት ሕመም የሚተኩስ፣ ስሙ የታወቀ ሰው ነው። የኛዎቹም ይተኩሳሉ፣ ጉዳዩ የወገን አይደለም። ሽማግሌው በአቧራ ተሸፍኖ፣ ደክሞት፣ ግን ፈገግ ብሎ ገባ። ሻይ ጠጡ። ተጨዋወትን።

"ወላሂ ኃይሉ፣ የኔን አባት ያስነሳው ይሄ ሰው ነው" አለ አብዲ። "ቢላዋ ከመግባቱ በፊት ይሞክርህ። ምን ትጎዳለህ?"

ዘነበች በር ላይ ቆማ ነበር። "ሐኪሙ ጭረት እንኳን እንዳይኖር ብሏል፣ አብዲ።"

"እህቴ፣ ይሄ ጭረት ነው እንዴ? መድኃኒት እኮ ነው!"

"መድኃኒት ከሆነ አንተ ወገብህ ላይ አስተኮስ። ትናንት አሞኛል ስትል አልነበር?"

ሁሉም ሳቁ። አዴርም ተተርጉሞለት ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

አላመንኩበትም። ይህን እወቁልኝ። በብረት ካርቲሌጅ እንደማይበቅል አውቅ ነበር፤ ተምሬያለሁ፣ ኤክስሬዩን አይቻለሁ። ግን ሰዎቹ አዋጥተዋል። ሽማግሌው ያን ሁሉ መንገድ መጥቷል። ሻዬን ጠጥቷል። ከቤቴ እንዴት ባዶ እጁን ይመለስ? ይሉኝታ ያዘኝ።

"በሉ እሺ" አልኩ።

ዘነበች ወጣች። በሩን አልዘጋችውም።

ብረቱን ከሰል ላይ አጋሉት። አብዲ ትከሻዬን ያዘ። ጉልበቴን ዙሪያውን ተኮሰው። ሸተተ። አልጮህኩም። ጥርሴን ነከስኩ። ሽማግሌው ምራቁን እንትፍ እንትፍ ብሎ መረቀኝ። ሲሄዱ አመሰገንኳቸው።

ቁስሉ አመረቀዘ። ትኩሳት መጣ። የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ቁስሉን በፋሻ ጠቅልዬ አዲስ አበባ ሄድኩ፣ እንደሚያልፍልኝ ተስፋ አድርጌ። ሐኪሙ ሱሪዬን ወደ ላይ ሰበሰበው። ፋሻውን አነሳ። 

"ማን ነው ይሄን ያደረገዎት?"

"ወዳጆቼ።"

"ዛሬ ብከፍትዎት ይሄ መግል ወደ ብረቱ ይገባል። ብረት ላይ የሰፈረ ኢንፌክሽን እግር እስከማስቆረጥ ይደርሳል። አልነካዎትም።"

የውጭዎቹ ሐኪሞች ሄዱ። ብረቱም አብሯቸው ሄደ። ወደ ጅግጅጋ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ዘነበች ነጠላዋን አጥፋ ከጉልበቴ ሥር አደረገችልኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ዓመት ጠበቅሁ። የጠበቅሁት ተቀምጬ ነው። የተሸከመችው እሷ ናት። በዚያ ዓመት ቀኝ ጉልበቴም ተበላሸ፣ ክብደቴም ጨመረ። አንድ ቀን ከወንበሩ ስታነሳኝ "ወይኔ" አለችና ግድግዳውን ያዘች። ምን ሆንሽ አልኳት። "ምንም፣ ተነስ" አለችኝ።

በዓመቱ ቁስሉ ጠባሳ ሆኖ ንጹሕ ነህ ተባልኩ። ከወገብ በታች አደነዘዙኝ። ነቅቼ ነበር። መጋዙን ሰማሁ፣ መዶሻውን ሰማሁ፤ የሙያ ሰው ነኝ፣ ድምፁን አውቀዋለሁ። ብረቱ ከአጥንቱ ጋር የሚያያዘው በአጥንት ሲሚንቶ መሆኑን በኋላ ሲነግሩኝ፣ ሲሚንቶ በላኝ፣ ሲሚንቶ አቆመኝ ብዬ ከሕመሜ ጋር ሳቅሁ።

በማግስቱ አስነሱኝ። ደም እንዳይረጋ ሆድ ላይ መርፌ ይወጋሉ፣ ቶሎም ያራምዳሉ፤ ልተኛ ቢሉ አትስሟቸው እያለ ሐኪሙ ለነርሶቹ ሲያስጠነቅቅ ሰምቻለሁ። ፊዚዮቴራፒው ከቀዶ ጥገናው ይብሳል፣ አልዋሻችሁም፤ ያበጠውን፣ የተሰፋውን ጉልበት በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያጠፉ ማለማመድ ነው፣ ያን ጊዜ የሰነፈ ሰው ደግሞ ብረቱ ገብቶለትም ግትር ሆኖ ይቀራል። እኔ እየተሳደብኩም ቢሆን አጠፍኩ፣ በመጀመሪያ በመራመጃ ብረቱ ተደግፌ፣ ቀጥሎ በሁለት ክራንች፣ ከዚያ በትክክለኛው እጄ በያዝኩት ዱላ ግቢያችንን እየዞርኩ፣ ጎረቤት እየቆጠረኝ፣ አብዲም የግመል ወተት ይዞ እየመጣ ከጎኔ ሲራመድ፣ ስለተተኮስኩበት ቀን ግን እሱም ሳያነሳ፣ እኔም ሳላነሳ፣ ቀስ በቀስ ሕመሙ ከእንቅልፌ ወጣ፣ ከዚያም ከቀኔ ወጣ።

ብቻዬን ሽንት ቤት ገባሁ። ወንበሩን ጫን ብዬ ተነሳሁ። ስወጣ ዘነበች ግድግዳውን ይዛ ጎብጣ ቆማ ነበር። ቀና ማለት አልቻለችም።

የወገብ ዲስክ ነው አላት ሐኪሙ። "ከባድ ነገር ታነሺ ነበር?" ብሎ ጠየቃት። እሷ ወደኔ ሳታይ "ትንሽ" አለች። ቀኑን አሰላሁት። የጎዳት ካመለጠኝ ቀጠሮ በኋላ ያለው ዓመት ነው።

ተንበርክኬ መለሰን አልችልም፤ አዲሱ ጉልበት መንበርከክ አይወድም። ሙያዬ ሄዷል። ቀኙ ተራውን ይጠብቃል። እንግዲህ ጉልበታችሁ ለሚያማችሁ የምለው ይህ ነው። ስሙን የማታውቁትን ኪኒን አትዋጡ። መልመጃውን ሳይብስ ጀምሩት። መርፌው ሲያሽላችሁ ዳንኩ ብላችሁ አትንበርከኩ። የቀዶ ጥገናው ቀን ሲደርስ አትፍሩት። ቀጠሮ ከተያዘላችሁ ደግሞ በራችሁን ዝጉ። የሚወድህ ሰው መተኮሻ ብረት ይዞ ቢመጣ ሻይ ስጠውና እምቢ በለው። ይከፋዋል፣ ይታረቃል። አንተ ስትዘገይ የሚሸከምህን ሰው ቀድመህ ተመልከት።

እቅጩን ለነገሩኝ ሐኪሞች ምስጋና ይድረሳቸው። ዱላዬን ላስተካከለችው ልጅም። ለአብዲም፤ ክፋት አልነበረበትም፣ ፍቅር ነበር፣ አሁንም አለ።

ለዘነበች የሚሆን ቃል አጥቼ ብዙ ቆየሁ። ሐኪሙ ለወገቧ ጠንካራ መኝታ ስላዘዘላት ጣውላ ላይ ተኝታለች፤ እዚህ የደረሰውን አነበብኩላት።

"ለኔ ምን ብዬ ልጻፍ?" አልኳት።

"ምንም አትጻፍ። ኪኒኔ ሰዓቱ አልፏል፣ ውኃ አምጣልኝ።"

ወረቀቱን ትቼ ተነሳሁ።