ቤት ያልመታው ስንኝ

መርዶው የደረሰኝ ከኪዳን ጸሎት ስመለስ ነው። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር የተከራየሁበት ግቢ በር ላይ ጎረቤቶቼ ቆመዋል፤ አንደኛዋ ነጠላዋን ዘቅዝቃለች። ሐረሪዋ ጎረቤቴ ክንዴን ያዘችና «ግቢ እህቴ፣ መጀመሪያ ተቀመጪ» አለችኝ። ሰው በማለዳ ተሰብስቦ ተቀመጪ ሲል ምን እንደሚከተል አይጠፋኝም። የሞተችው እናቴ ነበረች። መንዝ ከተቀበረች ሰነባብታለች።

በእኛ አገር ሩቅ ላለ ሰው መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው። ብቻውን እንዳይሰማ ለጎረቤት ይደወላል፤ በድንጋጤ መንገድ ገብቶ እንዳይጎዳም ቀብሩ እስኪያልፍ ይቆያል። መንገዱም አስተማማኝ አልነበረም። አልተቀየምኩም።

ለቅሶ እዚሁ ድሬ ተቀመጥኩ፤ ሰው አልጎደለብኝም። ለቀስተኛው ሲቀንስ ለታናሽ እህቴ ደወልኩና ቀብሩ ላይ የነበረችው አልቃሽ ምን ብላ እንዳለቀሰች ጠየቅኋት።

«ምን ያደርግልሻል?»

«ንገሪኝ ብቻ።»

ጉሮሮዋን ጠርጋ እንዲህ አለች፦

ልጆቿ በሙሉ ቆመዋል ከደጅ፣
እግዜር ይቀበላት በሰላም በክብር።

ከዚራ በሚባለው የድሬ ሰፈር ባለ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ቤት መምታት ማለት የስንኞች መጨረሻ በአንድ ድምፅ መግጠም ነው እያልኩ ስንት ተማሪ አሳልፌያለሁ። «ደጅ» እና «ክብር» አይገጥሙም። ሌላ ሰው ሊሳሳት ይችላል፤ የመንዝ አልቃሽ ግን ሬሳ ፊት ቆማ ቤት አትስትም። ደረቷን እየደቃች ቃሉ ራሱ ይመጣላታል። ሁለተኛው ስንኝ የእህቴ ነው።

«እንደዚያ አላለችም» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ ልቅሶውንም እንደ ፈተና ልታርሚው ነው?» ብላ ሳቀችና ወዲያው ስለ ተዝካሩ ጠላ ማውራት ጀመረች።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ፍትሐቱ ደርሶላታል። አንቺ ጸልዪላት፤ ሙሾውን ተይው» አሉኝ። ልክ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ሙሾ አትወድም፤ እኔም አልቃሽ አስጠርቼ አላውቅም። ጸሎቱን አላጓደልኩም። ግን «በሙሉ» የምትለው ቃል አልለቀቀችኝም። ልጆቿ በሙሉ ደጅ ከቆሙ፣ እኔ ምኗ ነኝ? ጥሩ ገጣሚ በመጀመሪያው ስንኝ ሞልቶ በሁለተኛው ያጎድላል፤ በክፍል ውስጥ ተቃርኖ እንለዋለን። እህቴ የነገረችኝ ሙላቱን ብቻ ነው። ጉድለቱ የት ሄደ?

ሥራ ስመለስ በክፍል የደረስንበት ርዕስ «ቤት መምታት» ሆኖ ቆየኝ። የመጀመሪያውን ስንኝ ከየት እንዳመጣሁት ሳልናገር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና «ሙሉት» አልኳቸው።

«አቦ ቲቸር፣ ይቺማ ቀላል ናት» አለ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ቀልደኛ። «በዚህ ሁሉ ሙቀት ማን ገዛላት ፍሪጅ?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ቤቱን መትቶታል።

«ወላሂ አታሹፍ፣ ይሄ እኮ የልቅሶ ነው» አለችው መስኮት አጠገብ የምትቀመጥ ልጅ። ቤቷ የሚነገረው ሶማሊኛ ነው፤ አማርኛን የለመደችው ሰፈር ነው። ብድግ ብላ የራሷን አነበበች፦

አንዷ ብቻ ቀረች የሩቅ አገር ልጅ።

«ልክ ነኝ ቲቸር?»

«ቤት ይመታል» አልኳትና ሰሌዳውን አጠፋሁት።

ልጅቷ የገጠመችው ግን ከራሷ ነው፤ የአልቃሿ ቃል አይደለም። የስንኙ መድረሻ «ወዳጅ» ሊሆን ይችላል፣ «እጅ»ም ሊሆን ይችላል፤ ስለ እኔ ጨርሶ ያልተባለ ነገርም ሊሆን ይችላል። ቃሉን አልያዝኩትም ያለኝን ወንድሜን ወደ አልቃሿ ልኬው ነበር። እሷ ግን «ያለ ሬሳ ሙሾ መድገም ሟርት ነው» ብላ መለሰችው። እህቴም ባነሳሁባት ቁጥር «መንገዱ ሲሻል መጥተሽ መቃብሯን ታያለሽ» ትለኛለች። እንዳይከፋኝ ብላ እንደሆነ ይገባኛል።

በዚያ ቀን እናቴ ደጅ ቆማችሁ የሰማችሁ ዘመዶቼና የአገሬ ሰዎች፣ ለወቀሳ እንዳልጠየቅኋችሁ እወቁልኝ። ቀረች ተብዬ ከሆነም ቀርቻለሁ። ቀረች የሚባለው ግን ከልጅ የተቆጠረ ነው፤ በእናቴ ልቅሶ ውስጥ ተቆጥሬ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ሁለተኛውን ስንኝ የያዘ ሰው ካለ፣ እባካችሁ፣ ሳታለሰልሱ እንደተባለ ንገሩኝ።