ምድጃው ተራራውን ሲሻገር

ሰፈርተኛው ስሙን ትቶ «መርማሪው» ይለዋል። በፒክአፕ መኪናው ተጎታች እየሳበ የሰው ዕቃ ከተራራው ወዲህና ወዲያ ሲያመላልስ ብዙ ዘመን ቢያስቆጥርም፣ ዛሬም ቁልቁለት በጨረሰ ቁጥር ይወርድና መዳፉን በየጎማው እምብርት ላይ እያሳረፈ ሙቀቱን ይለካል። አንደኛው ከሌላው በልጦ ከሞቀ ምክንያቱን ሳያውቅ አይንቀሳቀስም። ከጎኑ የሚቀመጥ ተሳፋሪም እንደ ጎማው መመርመሩ አይቀርለትም። ወተት ሻጯን ወተት ለምን ድንገት ገንፍሎ እንደሚያመልጣት፣ ሰዓት ጠጋኙን የቆመ ሰዓት ሲነቀነቅ ለምን ለጥቂት ጊዜ እንደሚነሳ ይጠይቃል። ሰው ይስቅበታል እንጂ አይቀየመውም።

የማይጠይቃት አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ ታላቅ እህቱ። እናታቸው በልጅነቱ ስለሞተችበት ዳቦ ጋግራ ያሳደገችው እርሷ ናት። በፊቷ ሲቆም «እትዬ» ብሎ ይጀምርና የቀረውን ይውጠዋል።

የምትጋግርበት ቤት ሊፈርስ በመሆኑ እህቱ ከተራራው ማዶ ሌላ ሱቅ ተከራየች። ይዛው የምትሄደው ሀብት ምድጃዋ ነበር፤ ውጭው ብረት፣ ወለሉ በጡብ የተነጠፈ። ጡቡ ከተሰነጠቀ የዳቦው ታች አርሮ ላዩ ጥሬ ይቀራል፤ ያን ጡብ የሚሠራው ሽማግሌ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። ምድጃው ተሰብሮ ከደረሰ እንጀራዋም አብሮ ተሰበረ ማለት ነው።

በመጫኛው ጠዋት ሸካሚዎቹን ያዘዘችው እርሷ ነበረች። «ምድጃው መጨረሻ ይጫን፤ ከኋላ፣ ከመዝጊያው ስፖንዳ አጠገብ!»

«እትዬ፣ ግን እኮ...»

«ግን ምን? ከምድጃው አፍ ያለው ዳቦ ነው ቀድሞ የሚወጣው። እዚያ የሚጠብቁኝ ሰዎች ሥራ አላቸው፤ ቀድመው እሱን አውርደውልኝ ይሂዱ።»

ጋጋሪ ናትና ተጎታቹንም እንደ ምድጃ ጫነችው። እርሱም ከጎማው ኋላ የሚያርፍ ክብደት ምን እንደሚያመጣ እያወቀ፣ ምላሱን ዋጥ አድርጎ ገመዱን አጠበቀ።

ከከተማው ወጥተው የመጀመሪያዋን አነስተኛ ቁልቁለት ሲጀምሩ ተጎታቹ ጅራቱን ይወዘውዝ ጀመር። ወዲያው ፒክአፑም አብሮት ተወዛወዘ።

«ምን ሆነ? መኪናህ ሰክሯል እንዴ?» አለች እህቱ በሩን ጨምድዳ ይዛ።

እርሱ እግሩን ከነዳጅ መስጫው አነሳ፤ ፍሬኑን ግን አልነካም፤ መሪውንም ቀጥ አድርጎ ያዘ። ውዝዋዜው ቀስ በቀስ በረደ። ዳገቱ በሚጀምርበት ቦታ፣ የተራራውን አፈር በሚደግፈው የድንጋይ ግንብ አጠገብ አቆመ።

ከዚህ በኋላ ዝም ቢል ምድጃው ገደል ሊገባ ነው። ቢናገር ደግሞ እንዴት ይናገር? ጥቂት ካሰበ በኋላ፣ ከጭነቱ መካከል ዳቦ የምታስገባበትን ባለ ረጅም እጀታ የእንጨት አካፋ መዞ አስያዛት።

«እትዬ፣ ሊጡ ጫፉ ላይ ሲከብድ የኋላ እጅሽ ምን ያደርጋል?»

«ይጫነዋላ! ካልተጫነው እጀታው ይነሳል፤ አካፋው ይዋልላል፤ ሊጡም...» አረፍተ ነገሯን ሳትጨርስ ተጎታቹንና ፒክአፑን ያያያዘውን መንጠቆ አየችው። «መኪናህ የኋላ እጄ ነው በለኛ!»

«ነው፤ ምድጃው ደግሞ ሊጡ። ከጎማው ኋላ ሲከብድ መንጠቆውን ወደ ላይ ያነሳዋል።»

«ታዲያ ጠዋት አፍህ የት ሄዶ ነበር? ወተት ሻጯን ስትጨቀጭቅ እንዲያ የሚከፈተው አፍ!»

የእርሱ ጭንቀት ሌላ ነበር፤ ምድጃውን ወደፊት የሚገፋ ጉልበተኛ በአቅራቢያው የለም። ዓይኑ ግን ግንቡ ላይ ቀረ። ግንቡ ካልተንቀሳቀሰ፣ ተጎታቹስ ወደ ግንቡ ቢሄድ?

መካከል ላይ ያለውን ቀላል ዕቃ አውርደው መንገድ ዳር ደረደሩት። እህቱ የዳቦ ቅርጾቿን የምትቀባበትን ዘይት በተጎታቹ ወለል ላይ አፈሰሰችና በጨርቅ አዳረሰችው። የምድጃውን ገመድ ፈትተው፣ ስፖንዳውን ከፍተው፣ በምድጃውና በግንቡ መካከል ከመንገድ ዳር ያገኙትን ወፍራም ግንድ አጋደሙ፤ ብረቱ ግንዱን በሚነካበትም ፍራሿን አጣጥፈው ሸጎጡ።

ተጎታች ወደ ኋላ ሲሄድ እንደ ግትር በግ ነው፤ መሪው ወደ ግራ ሲዞር እርሱ ወደ ቀኝ ይላል። መርማሪው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ በጣት ስፋት፣ በጣት ስፋት ወደ ኋላ ሄደ። ግንዱ ግንቡን ነካ። ፍራሹ ተጨመቀ። ከዚያ ምድጃው እያቃሰተ በዘይቱ ላይ ወደፊት ተንሸራተተ።

«ቀስ በል! የቸኮለች ጅብ ቀንድ ትነክሳለች ሲባል አልሰማህም?» ትላለች እህቱ፤ ወዲያው ደግሞ «ና! ና! ትንሽ ቀረ... በቃ!»

ምድጃውን ከጎማው ጥቂት ቀደም ብሎ አሰሩት፤ ቀሪውን ዕቃ ከኋላው መልሰው ጫኑ። ከዚያ በኋላ ተጎታቹ ጠመዝማዛውን ሁሉ እንደ ጨዋ እንግዳ ተከትሏቸው ወጣ። ቁልቁለቱንም በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እያጉረመረመ ወረዱት።

አዲሱ ሱቅ በር ላይ የሚጠብቁት ሸካሚዎች ጭነቱን አይተው ሳቁ። «እትዬ፣ ምድጃውን ከዕቃ ሥር ቀበሩት እንዴ?» አላት አንዱ።

«ተቀብሮ መምጣቱ ነው ያዳነው» አለችና ጠረጴዛውንም ጆንያውንም ራሷ ታወርድ ገባች።

ምድጃው ቦታውን ሲይዝ ጭንቅላቷን አስገብታ ጡቦቹን በጣቷ ትቆረቁር ጀመር። እያንዳንዱ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ጥግ ላይ ያለችው የመጨረሻዋ ግን ድፍን ያለ ድምፅ አሰማች። ተሰንጥቃለች ማለት ነው። መርማሪው ጎንበስ ብሎ እጁን አስገባና ስንጥቁን በጥፍሩ ፋቀው፤ ጥፍሩ ጥላሸት ይዞ ወጣ።

«እትዬ፣ ዛሬ ቢሰነጠቅ ውስጡ ቀይ አይሆንም ነበር? ይሄ እኮ ጥቁር ነው።»

«የቆየ ነው። ለዚህ ነው ጥግ ያስያዝኳት፤ እዚያ ዳቦ አላሳርፍም።»

«ካወቅሽ ታዲያ ለምን ቆረቆርሻት?»

እህቱ ከምድጃው ውስጥ ብቅ አለች፤ ጥላሸት የነካው ፊቷ በፈገግታ በርቷል።

«ትጠይቀኝ እንደሆነ ልይ ብዬ።»