ከባላጋራው ጋር በአንድ አልጋ

ከአውራጃ አውራጃ የሚዞረው የኬንታኪ ችሎት ከተማዋ ሲደርስ ጠበቆቹ በአንዲት ማደሪያ ቤት፣ በአንድ አልጋ ሁለት ሁለት ሆነው ያድራሉ። መበለቷ ኬዛያ ግን ጠበቃዋ እርሻዋን ሊነጥቃት ከመጣው ጌታ ጠበቃ ጋር እየተሳሳቀ ከመኝታ ክፍሉ ሲወጣ አይታ ክው አለች።

«ሸጡኝ እንዴ ጌታዬ?»

«ኧረ እመቤት! እንዲያ ሲያንኮራፋ ካደረ ሰው ጋር ማን ይዋዋላል?» አላት፣ ራሱ የጣፈውን የኮቱን ክርን እያራገፈ።

ጠበቃዋ ለምክር ቤት ሊወዳደር ነው፤ ከሳሿ ደግሞ ግማሹን መራጭ እንደ ጭሰኛ የሚያዝ ሰው ነው።

«ምርጫውስ?» አለችው።

«ድምፁን ለሌላ ይስጣ!»

ችሎት ሲጠሩ ኬዛያ ያቀፈችው ሕፃን ልጇ አለቀሰ። ጠበቃው ሚስትም ልጅም የለውም ይባላል፤ ሕፃኑን ግን ከእቅፏ ተቀብሎ፣ አንገቱን በመዳፉ ደግፎ፣ ደረቱ ላይ አስተኛው። ከሳሹ ፊት ቆሞ ክርክሩን እስኪጨርስም አላወረደው።