ጅቡቲ ይላል

«መጣ?»

ባለፈው ቅዳሜ ነው። ገርጂ፣ እኛ ኮንዶሚኒየም ጣሪያ ላይ ዲሽ የሚያስተካክል ልጅ ይጮኻል። ከታች አንዲት ልጅ በመስኮት አንገቷን አውጥታ «አልመጣም!» ትለዋለች። «አሁንስ?» «መጣ መጣ… ኤጭ፣ ሄደ!» እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ቢላውን አስቀምጬ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ሽንኩርቱ ነው ብዬ ራሴን ዋሸሁ።

እኔም እኮ እንዲህ በመስኮት ስጮህ ኖሬያለሁ። በደርግ ጊዜ ነው፣ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም አይርቅም፤ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ቁምሳጥን ውስጥ ያለው ብርጭቆ ይንጫጫል። ቴሌቪዥናችን ጥቁርና ነጭ ነች፣ አራት እግር ያላት፣ ዳንቴል የምትለብስ። ጣቢያው አንድ ብቻ፣ እሱም ሲመሽ ነው የሚከፈተው። ቀን ከከፈታችኋት ሽሽሽ ከማለት በቀር ምንም የላትም።

ታላቅ ወንድሜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር። አንድ የክፍል ጓደኛው «ጅቡቲዎች ቀኑን ሙሉ ፊልም ነው የሚያሳዩት፤ አንቴናህን ካረዘምከው ይገባልሃል» አለውና አበደ ብላችሁ ይቀለኛል። የሳሎኑን መጋረጃ ብረት ነቀለ፤ እናቴ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችው። ብረቱን ቆራርጦ ረጅም አጣና ጫፍ ላይ አሰረና ጣሪያችን ላይ አቆመው። የሰፈሩ አንቴና ሁሉ የቴሌቪዥን ማሰራጫው ወዳለበት ተራራ ሲያይ፣ የኛ ብቻ እንደተቀየመ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ገርጂ ያያል። ገርጂ ያኔ እርሻ ነው። ከእርሻው ወዲያ ደግሞ፣ እንደ ወንድሜ አባባል፣ ቀጥ ብሎ ጅቡቲ ነው።

አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ኮሽ ባለ ቁጥር የሚደነግጥ ሰው። «አንተ ልጅ፣ የጠላት ጣቢያ ይከታተላል አስብለህ ልታስበላኝ ነው?» ብሎ ጮኸ። በመጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ፈቀደ፤ ሳይመሽ አንቴናው ወደ ቦታው እስከተመለሰ ድረስ።

ከወንድሜ ጋር ሥራ ተከፋፈልን። እሱ ጣሪያ ላይ ያዞራል፣ እኔ መስኮት ላይ እጮኻለሁ። ጩኸቴን አጥር የምንጋራቸው እትዬ ሰሙ።

እትዬና ባለቤታቸው ከወሎ የመጡ ሙስሊሞች ናቸው። ጋሼ መንገድ ዳር ሱቅ አላቸው። አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። ከሁለት ዓመት በፊት በባቡር ድሬዳዋ ብላ ወጣች፤ ከዚያ አንድ ነጋዴ «ጅቡቲ ገብታለች» የሚል ወሬ አመጣ፤ ከዚያ ወዲያ ዝም። በዚያ ዘመን ልጅ ለምን ሄደ ተብሎ አይጠየቅም።

«ምንድነው እንዲህ የምትጯጯሁት?» አሉኝ እትዬ፣ እጃቸው የሳሙና አረፋ እንደሆነ።

«ጅቡቲን ልናስገባ ነው!»

«ጅቡቲን?» እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «ሰዉንም ያሳያል?»

«ሁሉንም ነው የሚያሳየው!» አልኩ። አፌ መች ያርፋል!

«እንግዲያ ልጄን አያታለሁ» አሉ። እንዲሁ፣ ገበያ ደርሼ እመጣለሁ እንደማለት።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ነገሩ የፊልም መሆኑ ቀረ። እትዬ የታጠበ ሻሻቸውን አስረው ይመጣሉ፣ ጋሼ ሱቃቸውን ዘግተው ይከተሏቸዋል። ወንድሜ ጋሼን በማግኘቱ ፈነደቀ፤ ቁርኣን ስለሚቀሩ የጣቢያውን ዓረብኛ የሚያስተረጉሙልን መስሎታል። «ተው እንጂ ልጄ፣» አሉት ጋሼ፣ «እኔ ፊደሉን ነው የማውቀው። ወሬውን ቢያወሩት አልሰማም።» ማን ይስማቸው! ሁላችንም አስተርጓሚ አለን ብለን ተዝናናን።

ሦስት ቅዳሜ ምንም አልመጣም። አራተኛው ቅዳሜ ሙቀቱ ለጉድ ነበር፤ ቆርቆሮው ከላያችን ጧ ጧ ይላል፣ የቴሌቪዥኗ ጀርባ የጋለ አቧራ ይሸታል። ወንድሜ ጣሪያው ላይ እግሩ እየተቃጠለ ይዘላል።

«አሁንስ?»

«አልመጣም!»

«አሁንስ?»

ቴሌቪዥኗ ላይ በሚረግፈው ነጭ ነጠብጣብ ውስጥ አንድ ጥላ ተንቀሳቀሰ። በሽሽሽ መሃል የሰው ድምፅ፣ ዘፈን ይሁን ንግግር ያልለየ፣ ብቅ ጥልቅ አለ።

«መጣ! መጣ! እንዳትነካው! ኧረ እንዳትነካው!»

«ልልቀቀው?»

ለቀቀው፤ ጠፋ። ያዘው፤ መጣ። ሰውነቱ ነው መሰለኝ አንቴና የሆነው። «በቃ ይዘኸው ቁም!» አልኩት። «እኔስ መቼ ነው የማየው?» ብሎ ከላይ አለቀሰ ማለት ይቻላል። ያንን ሁሉ የለፋው ልጅ እስካሁን ያየው ነገር የለም።

መንገድ ነው የሚታየው። ሰው የሚርመሰመስበት፣ ጀሪካን የተሸከሙ ሴቶች የሚያልፉበት መንገድ። እኛ ቦሌ ቁጭ ብለን የሌላ አገር ፀሐይ እያየን እኮ ነው! ከሴቶቹ አንዷ፣ ቀጠን ያለች፣ ሻሿ ወደ ኋላ የተንሸራተተ ልጅ ዞር ብላ ወደኛ አየችና ሳቀች።

«ልጄ!» አሉ እትዬ። ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ። «እሷ ናት! የኔ ሆድ! እሷ ናት!»

ከምስሉ ግርጌ ጽሑፍ ነበር። ጋሼ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን እያስከተሉ፣ ልጅ ሲቀራ እንደሚያደርገው፣ ፊደል በፊደል ያነባሉ። «ሷድ… ኑን… ዓይን…» ቀና አሉ። የባለቤታቸውን ፊት አዩ። ጣታቸው እዚያው መስታወቱ ላይ ቀረ።

«ምን ይላል?» አሉ እትዬ።

«ጅቡቲ» አሉ ጋሼ። «ጅቡቲ ይላል።»

ስኳር ሲሸጡ እንኳ «ወላሂ» ሳይሉ የማያልፉ ሰውዬ ያን ቀን «ወላሂ» አላሉም።

አውሮፕላን አለፈ። ብርጭቆው ተንጫጫ፣ ምስሉ ተቀደደ፣ ሄደ። የእትዬ እልልታ ግን አውሮፕላኑንም በለጠው። ጎረቤት ወጣ። «ምን ተገኘ?» ሲባል እትዬ አባቴን አይተው «ምንም፣ እንዲሁ ደስ ብሎኝ ነው» አሉ። አባቴ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። በዚያው ቀን አጣናውን አወረደውና ነገሩ አከተመ፤ ወንድሜ ጅቡቲን ሳያይ ቀረ።

እኔ ግን ፊደሎቹ በጆሮዬ ቀሩ። ሰኞ ክብሪት ልገዛ ጋሼ ሱቅ ሄድኩና «ጋሼ፣ ሷድ፣ ኑን፣ ዓይን ብለው አልነበር? ጅ የለበትም እኮ» አልኳቸው። ጨዋታ መስሎኝ ነው። ጋሼ መንገዱን ግራ ቀኝ አዩ።

«ሰንዓ ነው የሚለው» አሉኝ ቀስ ብለው። «የመን ነው አገሩ፣ ከባሕሩ ማዶ። ልጄ እዚያ ምን ትሠራለች? ግን አየሻት አይደል እትዬሽን፣ ደስታዋን? እንዳትነግሪያት። ትንፍሽ እንዳትዪ።» ከረሜላ በእፍኝ ሰጡኝ። በልቼው አልጣመኝም።

ሳምንት ሳይሞላ እትዬ አጥሩ ጋ ጠሩኝ። ምስጢሩ ከብዶኝ ስለነበር ገና ሳይናገሩ «እትዬ፣ ወንድሜ አባባን ለምኖ መልሶ ያቆመዋል፣ ደግመው ያዩዋታል» አልኩ።

«ተይው» አሉኝ። «ያቺ ልጅ የኔ አይደለችም።»

«እንዴት?» አልኩ።

«የኔዋ ጥርሷ ተደራራቢ ነው። ታፍርበታለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትስቅ አፏን በእጇ ሳትከድን አታውቅም። ያቺ ጥርሷን ገልጣ ነው የሳቀችው። መጀመሪያ ስታይ ደነገጥኩ፣ አፌ ቀደመኝ። ስትስቅ ግን አወቅሁ።»

«ታዲያ ለምን እልል አሉ?»

«አላየሽውም እንዴ እሱን? ጅቡቲ ይላል ሲል ድምፁ ሲንቀጠቀጥ? አገኛት እኮ በሱ ቤት! ሁለት ዓመት እህል በውኃ እየገፋ የኖረ ሰው፣ ያን ማታ ጠግቦ በላ። አልሃምዱሊላህ። እንዳትነግሪው፣ የኔ ልጅ።»

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው እላችኋለሁ። ያንን ሁሉ ይዤ የት ልድረስ?

ደርግ ወደቀ፣ ሰው ከየአገሩ ተመለሰ፣ የነሱ ልጅ አልተመለሰችም። እኔም አግብቼ ወለድኩ። በዓረፋ ልጠይቃቸው ስሄድ ሁልጊዜ መሃላቸው ያስቀምጡኛል። ጋሼ አርጅተው ዓይናቸው ፈዟል፤ እንግዳ በገባ ቁጥር ወሬያቸው ያው ነው፦ «ልጃችንን በቴሌቪዥን አየናት እኮ፣ ጅቡቲ ሆና።»

«አዎ፣» ይላሉ እትዬ፣ «ስትስቅ።»

ይሄኔ ሁለቱም እኔን ያያሉ፤ እያንዳንዳቸው ለሌላው ብለው፣ በልመና።

«አዎ፣» እላለሁ። «እኔም አይቻታለሁ። ደህና ነበረች።»