የአባቴ እግርና የጠርሙስ ስብርባሪ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው አፓርታማችን ጀርባ ወደ መናፈሻው የሚወስድ ጠባብ የእግር መንገድ አለ። ቅዳሜና እሑድ እዚያ ተቀምጠው የሚጠጡ ሰዎች አሉ። መጠጣታቸውስ ይሁን፤ ጠርሙሱን ግድግዳ ላይ ካልከሰከሱት የጠጡ አይመስላቸውም። እነማን እንደሆኑ እስከ ዛሬ አላየኋቸውም። ባገኛቸው የምላቸው አላጣም።

አባቴ በየጠዋቱ የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ስኳር ስላለበት ሐኪሙ በየቀኑ እንዲራመድ አዞታል። ችግሩ ስኳሩ የእግሩን ስሜት ወስዶበታል። ያበጠ እግሩ ሌላ ጫማ ስለማይገባለት የሚሄደው በካልሲና በነጠላ ጫማ ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት የጠርሙስ ስባሪ በነጠላ ጫማውና በእግሩ መካከል ገብታ ቀኑን ሙሉ ሲረግጣት ዋለ። አልተሰማውም። ማታ እናቴ ካልሲውን ስታወልቅለት ነው ደሙን ያየችው። ቁስሉ አልድን ብሎ አንድ ጣቱ ተቆረጠ። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ቁስል ከመጣ እግሩን ማትረፍ እንደሚከብድ ሐኪሙ ነግሮናል።

ከዚያ በኋላ አባቴ ፈርቶ ከቤት አልወጣም አለ። ስኳሩ መጨመር ጀመረ። እናቴ «አሁን እኮ መንገዱን በየቀኑ ያጸዱታል» አለችው። እነማን እንደሚያጸዱት ሳይጠይቃት መራመዱን ቀጠለ።

እሱ ሳይነሳ ቀድማ ትወጣለች። ለጸሎት ነው የምወጣው ትለዋለች። ውሸቷን አይደለም፤ እየጠረገች ትጸልያለች። ትልልቁን ስባሪ ወፍራም ጓንት አድርጋ ትለቅማለች፣ ሌላውን ትጠርጋለች፣ ደቃቁን በእርጥብ ወረቀት እየተጫነች ታነሳዋለች። ሣሩን ስትበረብር ምስር የምትለቅም ነው የምትመስለው። የሰበሰበችውን ካርቶን ውስጥ ከታ በፕላስተር ታሽገዋለች፤ ቆሻሻ የሚያነሱት ሰዎች እንዳይቆረጡ ብላ። የማታውቃቸው ሰዎች እጅ ያሳስባታል። እኔ በንዴት ስንጨረጨር እሷ ስለ ሰው እጅ ታስባለች።

«እማዬ፣ የቤት ሬንት የምንከፍለው ለምንድነው? የሕንፃው ማኔጅመንት ያጽዳ!» አልኳት አንድ ቀን።

«ኮል አድርጊላቸዋ።»

«አደረግኩ። ቲኬት ከፍተን አቤቱታሽን መዝግበናል፣ የሚያጸዳ ሰው እንልካለን ነው የሚሉት።»

«ጥሩ። እስኪልኩ አባትሽ ምን ይርገጥ?»



አባቴ ደግሞ እራት ላይ «እንዲህ ጽዱ ሕዝብ አይቼ አላውቅም! አንዲት ቅንጣት አይጥሉም እኮ!» ይላል። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ሳህኔ ላይ አቀረቅራለሁ። እናቴ «እውነትህን ነው፣ ይባርካቸው» ብላ ሰላጣ ትጨምርለታለች። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። እንዲህ አድርጎ ምስጋናን ለሌላ አሳልፎ መስጠት እኔ አልችልበትም።

አንድ ሰኞ ጠዋት አርሊንግተን ወዳለው ሥራዬ ልሄድ ስወጣ ከእግር መንገዱ አጠገብ የቆመ አንድ መኪና መስኮቱ ተሰብሮ አገኘሁ። ብትንትኑ የወጣው መስታወት መንገዱን ሞልቶታል። እናቴ ተንበርክካ እየጠረገች ነው። ቦርሳዬን አስቀምጬ አብሬያት ጠረግሁ። ጎንበስ ብዬ ግራ ቀኙን አየሁና «በቃ፣ ጸድቷል» አልኳት።

እሷ ግን ወደ ቤታችን መስኮት ቀና ብላ አባቴ እንደማያያት ካረጋገጠች በኋላ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ጫማዋን አወለቀች። ካልሲዋንም አወለቀች። ተነሥታ በባዶ እግሯ መንገዱን መርገጥ ጀመረች።

«እማዬ! አብደሻል እንዴ? ትቆረጫለሽ!»

«አትጩኺ፣ ይሰማሻል።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ታደርጊያለሽ?»

«ታዲያ መጽዳቱን በምን ልወቅ?» አለችኝ፣ ነገሩ ግልጽ እንደሆነ ሁሉ። «የእሱ እግር አይሰማውም። የእኔ ይሰማዋል።»

እናቴን ሁልጊዜ እወዳታለሁ፤ ያን ጠዋት ግን ከመውደድ አልፌ አከበርኳት፤ እንባዬም መጣ። እሷ ዞር ብላም አላየችኝም። እግሯን በአስፋልቱ ላይ ቀስ እያለች እያንሸራተተች እስከ መናፈሻው በር ድረስ ሄደች።