ሠርገኞቹን ዝም ያሰኘሁበት ቀን

ይህ የሆነው ባለፈው ጥር፣ በሠርግ ወቅት ነው። ትልቅ ነገር አይደለም። ግን ሰው በተሰበሰበበት ድምፄን ከፍ አድርጌ ስናገር የመጀመሪያዬ ስለነበር ከአእምሮዬ አልጠፋም። ዓይናፋር ነኝ። ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ" ማለት እያፈርሁ ስንት ጊዜ ከመውረጃዬ አልፌ በእግሬ ተመልሻለሁ።

አባቴ ሚኒባስ ይነዳል። ከገና በፊት የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ዲፈረንሻል ጥርሶች አልቀው ስለነበር ጋሽ ይርጋ ሁሉንም በሌላ ቀየሩለት። ጋሽ ይርጋ ሹም አቦ ሰፈር ጋራዥ ያላቸው መካኒክ ናቸው። ከአባቴ ጋር በወጣትነታቸው አንድ ፋብሪካ ውስጥ አብረው ሠርተዋል። እኛ ቤት በዓል ያለ እሳቸው አይከበርም።

ጥርሱ ተቀይሮ ብዙም ሳይቆይ ተሳፋሪዎች "ከኋላ የሚጮኸው ምንድን ነው?" ማለት ጀመሩ። አባቴ መኪናዋን ወደ ጋራዡ ወሰዳት። ጋሽ ይርጋ ብቻቸውን እስከ ዓባይ ድልድይ ነድተዋት ተመለሱ። ምንም የለም።

"መኪናህ ዝም ብላለች፤ የምትጮኸው አንተ ብቻ ነህ" አሉት፣ ሠራተኞቹ እየሰሙ።

አባቴ እንደ ቀልድ አላየውም። ቤት ገብቶ "ውሸታም አደረገኝ" አለ። ሰኞ ሌላ ጋራዥ ወስዶ ዲፈረንሻሉን ሊያስፈታው ቆረጠ። እናቴ ደነገጠች። መካኒክ የገጠመውን ሌላ ሰው ከፈታበት መሰደብ ማለት ነው። "ሌላ ሰው ከነካው ይርጋ ሁለተኛ ደጃችንን አይረግጥም" አለችው። እሱ ግን ጋሽ ይርጋ ሲደውሉም ስልኩን አያነሣም።

ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ ጋሽ ይርጋ ከጋራዡ በር ላይ ጠሩኝ።

"አባትሽ እንዳኮረፈ ነው?"

"አዎ።"

"ሰው ሲሞላ ነው የምትጮኸው ይላል?"

"ተሳፋሪዎቹ እንደዚያ ይላሉ።"

እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። "እኔ ደግሞ ባዶዋን ነው የነዳኋት። ነገ ሠርገኛ ጭኖ አንበሳሜ ይሄዳል አሉ። ከኋላ ወንበር ተቀመጪና ስሚልኝ።"

ምን እንደምሰማም ነገሩኝ። አባቴ ነዳጅ ሲረግጥ ጮኾ፣ ሲለቅ ዝም የሚል ከሆነ ጥርሶቹ በደንብ አልተገጣጠሙም ማለት ነው። "ያኔ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ራሴ እፈታዋለሁ" አሉ። ቢረግጥም ቢለቅም ካልተለወጠ ግን ኩርባ ላይ እንድሰማው፣ ወደ አንድ ጎን ስንዞር ከጨመረ ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ እንደሆነ አስረዱኝ።

"መንገድ ላይ አያሰጋም?" አልኋቸው።

"የሚያሰጋ ቢሆን ደጃችሁ ላይ ተኝቼ አላስወጣውም ነበር። ቀስ ብሎ ይንዳ በይው።"

እሑድ ጠዋት አብሬው መሄድ እንደምፈልግ ለአባቴ ነገርሁት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። የሙሽራውን ዘመዶች ከፋሲሎ ሰፈር ስንጭን መጨረሻው ወንበር ላይ፣ ጥግ ይዤ ተቀመጥሁ። አጠገቤ ከበሮ የያዙ አንዲት ትልቅ ሴት ተቀመጡ። የሙሽራው አክስት ናቸው፤ እትዬ ስንዱ ይሏቸዋል።

ገና ከተማውን ሳንለቅ ዘፈኑ ተጀመረ። ከበሮው፣ ጭብጨባው፣ እልልታው። ዲፈረንሻል ቀርቶ ነጎድጓድ አይሰማም። ሲደክማቸው ይተዉት ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ፤ ሐሙሲት ደረስንና ጭራሽ ባሰባቸው። ወደ አንበሳሜ ተገንጥለን ኩርባዎቹ ጀመሩ። ሰው የሞላበት ይህ መንገድ ካለፈኝ፣ ሰኞ አባቴን የማስቆምበት ነገር የለኝም።

የምለውን በልቤ ደጋግሜ አጠናሁት። ከዚያ የእትዬ ስንዱን ትከሻ ነካሁ። "ይቅርታ፣ ትንሽ ዝም ብትሉልኝ…"

አልሰሙኝም። ደግሜ፣ ጮክ ብዬ አልሁት። ያን ጊዜ ጠቅላላ መኪናው ዞሮ አየኝ። ፊቴ እሳት ሆነ።

"ሠርገኛ ዝም በሉ?" አሉ እትዬ ስንዱ። "ዝም የምንልማ ቢሆን ለቅሶ እንሄድ ነበር።"

ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን ከጀመርሁት በኋላ ማቆም አልቻልሁም። መኪናዋ ድምፅ እንዳላት፣ አባቴና ጓደኛው በዚሁ እንደተጣሉ፣ ድምፁ የሚሰማው ሰው ሲሞላ ብቻ እንደሆነ በአንድ ትንፋሽ ነገርኋቸው። እትዬ ስንዱ ከበሮውን ጭናቸው ላይ አጋደሙት።

"ሰማችሁ? ሁለት ሽማግሌ ልናስታርቅ ነው። እልል የምትል አፏን ትያዝ።"

መኪናው ጸጥ ሲል አባቴ ደነገጠ። "ምን ሆናችሁ? ሰው ታመመ?"

"ማንም አልታመመም፤ አንተ መንገድህን ተመልከት" አሉት እትዬ ስንዱ።

ያኔ ድምፁ መጣ። ከሩቅ እንደሚሰማ ወፍጮ እምም ይላል። "አባዬ፣ ነዳጁን ልቀቀው" አልሁ። ለቀቀ፤ ድምፁ አልቆመም። "አሁን ርገጠው።" ያው ነው። ወደ ግራ ስንዞር ግን ከፍ አለ፤ ወደ ቀኝ ስንዞር ሊጠፋ ደረሰ። በየኩርባው ሴቶቹ ራሳቸው "ጨመረ"፣ "ቀነሰ" ይሉኝ ጀመር። በቀኝ በኩል ጎማው ላይ የተቀመጡ አንድ ሰውዬ "ከተነሣን ጀምሮ ከሥሬ ሆኖ ይነዘንዘኛል፤ እኔ ባለቤቴ መስላኝ ነበር" አሉ። ባለቤታቸው በነጠላቸው ጫፍ መቷቸው።

አንበሳሜ እንደደረስን ለጋሽ ይርጋ ደውዬ የሰማሁትን ነገርኋቸው። "የቀኙን ኩሽኔታ ስፈታው ማርጀቱን አይቻለሁ፤ ይቆያል ብዬ መልሼ ገጠምሁት። ስልኩን ለአባትሽ ስጪው" አሉ።

አባቴ ስልኩን ይዞ ከመኪናዋ ራቅ አለ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ሲመለስ ግን "እየጠበቀን ነው" ብቻ አለኝ።

ሠርገኞቹ እዚያው ስለሚያድሩ ባዶዋን መኪና ቀስ እያልን ይዘናት ተመለስን። ጋሽ ይርጋ እሑድ መሆኑን ሳያዩ ጋራዡን ከፍተው ቆዩን። የቀኙን ጎማ ፈትተው ኩሽኔታውን አወጡና አባቴ እጅ ላይ አስቀመጡት። አባቴ በጣቱ አዞረው፤ ውስጡ አሸዋ ያለበት ይመስል ይንቀጫቀጫል። የዲፈረንሻሉን ጥርሶች የነካቸው የለም።

ማታ ጋሽ ይርጋ እኛ ቤት ራት በሉ። አባቴ "ድምፅ አለ ብዬህ ነበር" ይላል። እሳቸው "ጥርሱ ደህና ነው ብዬህ ነበር" ይላሉ። እስከ ዛሬ በተገናኙ ቁጥር ይህንኑ ይከራከራሉ፤ ሁለቱም ያሸነፉ ይመስላቸዋል።

አሁንም ዓይናፋር ነኝ፤ በአንድ ቀን የሚለቅ ነገር አይደለም። ግን ሁለቱ ሲከራከሩ አጠገባቸው ተቀምጬ ስሰማ ደስ ይለኛል። ማን ልክ እንደነበር ሲጠይቁኝ መልስ አልሰጥም። እንዲያልቅ አልፈልግማ።