በጥሩወርቅ ትንፋሽ የኖርሁት ዕድሜ

ይህን ነገር እስከዚህ ሳምንት ድረስ ለሰው ጆሮ ሰጥቼው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኋቸውም። በየጾሙ እፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ሳልነሣ የቀረሁበትን ኪዳን ሳይቀር ስዘረዝር፣ ይህችን አንዲቱን ጥርስ ውስጥ እንደገባ ሥጋ በምላሴ ወደ ጎን እገፋት ነበር። እሳቸው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ይሉኛል። እኔም እንዳልተፈታሁ እያወቅሁ አሜን ብዬ እነሣለሁ። እናንተ ካህን አይደላችሁምና ልትፈቱኝ አትችሉም። ለማይፈታኝ ሰው መናገር ይቀለኛል ብዬ አስቤ ነበር። አልቀለለኝም።

በሰፈሬ በደብረ ማርቆስ ሰው የሚያውቀኝ በጤናዬ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ያለ ምርኩዝ እሄዳለሁ። ዳገት ስወጣ አላለከልክም። ሥራ ያናወዛቸው ወጣቶች፣ እንቅልፍ ያጡት፣ ጨጓራቸው የሚያቃጥላቸው ይመጡና «እማማ፣ ምን ቢበሉ ነው እንዲህ የሆኑት?» ይሉኛል። እኔም ደረቴን ነፍቼ እመክራለሁ። ሥራ ሲበዛባችሁ ተዉት፣ ገጠር ውጡ፣ ገብስ ብሉ፣ የምንጭ ውሃ ጠጡ፣ ከፀሐይ ጋር ተኙ እላቸዋለሁ። መርቀውኝ ይሄዳሉ። የነገርኋቸው ሁሉ እውነት ነው። ግን እኔ የተውሁትን ሥራ ማን እንዳነሣው ነግሬአቸው አላውቅም። ግማሽ እውነት የሚሰጥ ሰው ከዋሾ በምን ይሻላል?

ያነሣችው ጥሩወርቅ ናት። የአክስቴ ልጅ ናት፤ በአንድ ቤት ያደግን፣ በዕድሜም የምበልጣት እኔ ነኝ። ልጠብቃት የሚገባኝ እኔ ነበርሁ ማለቴ ነው።

በጠላት ጊዜ ሁለታችንም በጣሊያኖቹ ሰፈር የመኮንን ልብስ እናጥብና እንተኩስ ነበር። የእኔ ባል ሞቷል። የእሷ ባል ዱር ገብቶ ወሬው ጠፍቷል። ዓለምነሽ የምትባል ገና ያልጠናች ሴት ልጅ ነበረቻት። ከዚያ ሌላ የሚያበላን ሥራ አልነበረም። የሰፈሩ ሰው ግን አይምረንም። «ወንዱ በጫካ ይተኩሳል፣ እነዚህ ደግሞ በከተማ ይተኩሳሉ!» እያለ ይስቅብናል። ጥሩወርቅ ዞር ብላ «እኛስ አንስትም!» ትላቸዋለች። እኔ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ።

ቤቱ ጣራው ቆርቆሮ፣ ዝቅ ያለ፣ መስኮት አልባ ነው። አቧራ ልብሱን እንዳይነካ በሩ ተዘግቶ ይውላል። በካውያው ውስጥ ከሰል ይነዳል፣ በጥግ በጥጉ ደግሞ የሚለወጥ ከሰል ይቀጣጠላል። የምንተነፍሰው እሱን ነው። ራስ ይፈልጣል፣ ዓይን ይጨልማል፣ ጉልበት ይከዳል። የወደቀችውን ውሃ ይደፉባትና ትነሣለች። ሸሚዝ ያቃጠለች ትገረፋለች። ጣሊያኖቹ የሾሙብን ካቦ የአገራችን ሰው ነበር። ከእነሱ ይልቅ ዛሬም ድረስ እሱን እጠላዋለሁ። ቀን ቀን ካውያ፣ ሌሊት ሌሊት በሕልሜ ካውያ። እጄ ተኝቼም ይሄዳል። ምግብ አልረጋልኝ አለ፤ ከዚያም ሳል ያዘኝ፤ ሳሉ ዕለት ዕለት ወደ ውስጥ ወረደ።

ጠበል ልሂድ ብዬ ካቦውን ለመንሁት።

«ሂጂ፤ ማን ከለከለሽ? ጠረጴዛሽ ግን ባዶውን አይውልም። ማን ይይዝልሻል?»

ከኋላዬ ጥሩወርቅ «እኔ እይዘዋለሁ» አለች። «ሁለት እጅ አይደል የሰጠኝ? አንዱ የእሷን፣ አንዱ የእኔን ይተኩሳል።»

«ስታቃጥይ ጀርባሽ አንድ መሆኑን አትርሺ» አላት ካቦው።

ማታ እቤታችን ተስማማን። እኔ አንድ ሱባዔ ጨርሼ እመለሳለሁ። ከዚያ ጠረጴዛዋን እኔ ይዤላት እሷ በተራዋ ትሄዳለች። እሷም መሳል ጀምራ ነበርና። ይህን ልብ በሉ፤ መሳል ጀምራ ነበር። አውቅ ነበር።

«እታለም፣ ብቻ እንዳታቋርጪው» አለችኝ ስትሸኘኝ። «ያቋረጠች እንደሆን ብሶባት ነው የሚመለስ።»

በእኛ አገር ሱባዔ የያዘ ሰው አይጠራም። ዘመድ ቢሞት እንኳ እስኪጨርስ አይረዳም። ጠበል ያቋረጠን ደዌው ሰባት እጥፍ ሆኖ ያገኘዋል ይባላል። ሰው ሁሉ ይህን ያከብራል፤ ሽፍታም ያከብራል። እኔ በዚህ ክብር ውስጥ ተደበቅሁ። ወንጀለኛ ደወል ደውሎ ቤተ ክርስቲያን እንደሚጠጋ እኔ ጠበል ተጠጋሁ፤ የሸሸሁት ግን ከምታምነኝ እህቴ ነበር።

ጠበሉ ከደብረ ወርቅ ወዲያ ነው። እማሆይ የምንላቸው አሮጊት መነኩሲት ጎጇቸው ውስጥ አስጠጉኝ። እውነቱን ልናገር፤ ሱባዔው ሳያልቅ ሳሌ ጋብ አለ። ሲያልቅ ጭራሽ ተወኝ። እዚያ ያየሁትን ኑሮ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። ጠዋት ባቄላ አርማለሁ፣ ሲደክመኝ እቀመጣለሁ፣ የሚያስነሣኝ የለም። ገብስ ቆሎ እየቆረጠምሁ ከእማሆይ ፊደል እቆጥራለሁ። ሀ ሁ ያልሁት ሌሎች ልጅ በሚድሩበት ዕድሜ ነው። ፊደሉ ገብቶኝ መዝሙረ ዳዊት ሳነብ ከደስታ ብዛት አለቀስሁ። እንቅልፌ ተመለሰ። ጉንጬ ሞላ። ይህን ሁሉ ስጽፍ አሁንም ልቤ ደስ ይለዋል። ይህ ነው የሚያናድደኝ! ደስታዬ ዛሬም አልመረረኝም። እንዲመረኝ ስንት ጊዜ ሞከርሁ።

አያ ደምሴ የሚባል ጨው ነጋዴ ነበር፤ በበቅሎ በደብረ ማርቆስና በእኛ መካከል ይመላለሳል። መጀመሪያ ጥሩወርቅ ልካው መጥቶ ሲጠይቀኝ እማሆይ ወደ እኔ ገቡና «ልጄ፣ ሱባዔሽን ጨርሰሻል?» አሉኝ።

«አልጨረስሁም፤ አዲስ ይዣለሁ» አልኋቸው።

አልያዝሁም ነበር። እሳቸው አመኑኝ፤ ወጥተው መለሱት። ሱባዔ ላይ ናት የተባለ ሰው ምን ይላል? በቅሎውን ነድቶ ሄደ።

ሁለተኛ ሲመጣ ግን ድርቆሽ ተሸክሜ፣ እያንጎራጎርሁ፣ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ገጠመኝ። ከላይ እስከ ታች አየኝና ሳቀ።

«አንች! ይህ ነው በሽታሽ? እንደ ጥቅምት ጊደር ደልበሽ የለም ወይ! እንዲህ ያለውን በሽታ ለእኔም በላከልኝ።»

«ጥሩወርቅ እንዴት ናት?» አልሁት።

ሳቁን ተወ። «ሁለት ጠረጴዛ ይዛ ትውላለች። ባለፈው ደም ተፋች ሲሉ ሰማሁ።»

«ትምጣ ብላለች?»

«ኧረ የት ብላ! ጠበሏን እንዳታቋርጥ፣ እኔ ደህና ነኝ በላት ነው ያለችኝ። ለመሆኑ ምን ልበላት?»

እዚህ ላይ ቆሜ ነበር። ጣሊያን አጠገቤ አልነበረም። ካቦው አልነበረም። አለንጋ የያዘ ማንም አልነበረም። የነበረው ከጀርባዬ ድርቆሽ፣ ከፊቴ የሚጠብቀኝ አንድ ነጋዴ ብቻ ነው። ያ ሰዓት የእኔ ነበር፤ እኔ ብቻዬን ነበርሁበት። እና ምን አልሁ?

«ገና አልተሻለኝም በላት» አልሁ።

አያ ደምሴ የተሸከምሁትን ድርቆሽ ትክ ብሎ አየው። «እላታለሁ» አለ። «ኃጢአቱን ግን አንችው ያዥው፤ በቅሎዬ ጭነት ሞልቶባታል።»

ሄደ፤ እንደተባለውም ነገራት። እሷም በሁለት እጇ የሁለት ሰው ሥራ መሥራቷን ቀጠለች። እኔም ባቄላዬን ማረም ቀጠልሁ።

የተመለስሁት ጣሊያን ከደብረ ማርቆስ ከወጣ በኋላ ነው። ጥሩወርቅ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ አገኘኋት። ትከሻዋ ከነጠላው በላይ ሾሎ ወጥቷል። ስታየኝ ለመነሣት ሞከረች፤ አልቻለችም። ተቀምጣ እልል አለች። እልልታው በሳል ተቆረጠ። ጉንጬን በእጇ እየዳበሰች «እሰይ! አላቋረጥሽው! ዳንሽልኝ!» አለችኝ።

«ያንቺ ውለታ ነው» አልኋት። እውነት ተናግሮ መዋሸት እንዲህ ነው።

ለጎረቤቱ ሁሉ ስታወራ ኖረች። «እኔ ከካውያው ጋር ተናንቄ እህቴን አዳንኋት» ትላለች፤ ኩራቷ እሱ ነበር። ጎረቤቱም እኔን «ታድለሽ» ይለኛል። እኔም እቀበል ነበር።

በደሌ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዘመኑን የሚያሳብብልኝ ሰው አላጣም ነበር። ዘመኑ ክፉ ነበር ይለኛል አንዱ፤ ሁሉም ነፍሱን ለማዳን ይሯሯጥ ነበር ይለኛል ሌላው። ተዉኝ! ዘመኑን አታንሡብኝ! ጣሊያን ጓዙን ጠቅልሎ ከሄደ በኋላስ?

ፋሲካ ባለፈ ሰሞን ጥሩወርቅ «እታለም፣ አሁን ተራዬ አይደል? እዚያ ጠበል ውሰጅኝ» አለችኝ። ቃሬዛ የሚሸከሙ ወንዶች ነበሩ፤ ጎረቤቶቻችን እሺ ብለዋል። እኔ ግን ፈራሁ። እማሆይ በሕይወት አሉ፤ የመንደሩ ሰው ያውቀኛል። ቅን ሰዎች ናቸው፤ «ይህች ወዲያው ነው የዳነች፣ ስታርምና ስታጭድ ነው የኖረች» ብለው በደስታ ይነግሯታል። ያን በዓይኗ ከማይ ትሙት አልሁ? አላልሁም። ግን ሥራዬ ያንን አለ።

«የግንቦት ዝናብ ቀድሞ ጥሏል፤ ወንዙ ሞልቷል አሉ» አልኋት። «መስከረም ሲጠባ እንሄዳለን።»

«እንግዲያው ይሁን» አለች። ታምነኝ ነበርና ደጋግማ አልጠየቀችኝም።

ክረምቱን አልወጣችውም። ሐምሌ ውስጥ ሞተች። ልጇን ዓለምነሽን እኔ አሳደግኋት። በዚህም ሰው አመሰገነኝ። እማዬ ትለኛለች። በየበዓሉ ጉልበቴን ትስማለች። ስትስመኝ አንድም ቀን እግሬን አልሰበሰብሁም።

ይቅርታ አልጠይቃችሁም፤ የበደልሁት እናንተን አይደለም። የበደልኋት ሙት ናት፤ ከእሷ በታች ያለችው ልጇ ናት። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ልጇን አስጠርቼ ነገርኋት። ካውያውን፣ ድርቆሹን፣ ለነጋዴው ያልሁትን ሁሉ ሳላሳጥር ነገርኋት። እጇን አጣምራ ሰማችኝ። አላለቀሰችም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ወንዙ ሞልቶ ነበር?»

«አልሞላም ነበር» አልኋት። «ሄጄም አላየሁት።»

ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። እስካሁን አልተመለሰችም። ጎረቤቶች «ልጅቱ ምን ሆና ነው? ሽማግሌ እንላክ?» ይሉኛል። አትላኩ ብያቸዋለሁ። ስለ እናቷ የመቆጣት መብቷን ይህን ሁሉ ዘመን ከልክያት ኖሬአለሁ፤ አሁን ስታገኘው በሽማግሌ አላስነጥቃትም።